ለአሮጌ ሞተር የኋላ ሾክ አመራረጥ፦ ሜትርና ሚዛን ሳትይዙ ሱቅ አትግቡ

ሞተሬ ሲጂ 125 ናት። ሆንዳ ይህን ሞዴል ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የኔዋ እጄ ከመግባቷ በፊት ስንት ሰው እንደነዳት እግዜር ይወቀው። ሞተሯ አሁንም በአንድ ምት ይነሳል። የኋላ ሾኳ (የመንገዱን ንጠት የሚያለዝበው ክፍል) ግን ከሞተ ቆይቶ ነበር። አውቃለሁ፣ ግን "ይሄ ወር ይለፍ" እያልኩ ስንት ወር አሳለፍኩ።

አንድ ቀን የሚስቴን ወንድም ከኋላ ጭኜ ኮብልስቶን ላይ ቁልቁል ስወርድ "ጭርርር" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ሳይ ጎማው ፓራፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) ከውስጥ እየላሰው ነው። በነጋታው ሱቅ ሄድኩ። "የምን ሞተር ነው?" አለኝ ሻጩ። "ሲጂ።" "አለ!" አለና ሞላው (ጥምዝምዙ ሽቦ) ቀይ የሆነ፣ ዘንጉ የሚያብለጨልጭ ጥንድ ሾክ አወጣ። "ይሄ ይገባል ወይ?" አልኩት። "ወንድሜ፣ የሲጂ ሁሉም አንድ ነው።"

አንድ አይደለም። መካኒኩ በ20 ደቂቃ ገጥሞ ሰጠኝ። ቤት ደርሼ በጎን መቆሚያው ሳቆማት ለመተኛት እስኪመስል ድረስ አጋደለች። በመሃል መቆሚያው ሳቆማት ደግሞ አየር ላይ መሆን የነበረበት የኋላ ጎማ መሬት ነክቶ ቁጭ አለ። ስነዳት መሪው ቀሎ፣ ነፋስ የሚወስዳት ይመስል ትቅበዘበዛለች። አሮጌውን ሾክ ካዲሱ ጎን ሳስተኛው አዲሱ በ2 ሴንቲሜትር ተኩል ይበልጣል። ሱቁ ጋ ስመለስ ያገኘሁት መልስ "የተገጠመ ዕቃ አይመለስም" የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የኔም ነው። ሜትር ኪሴ ውስጥ ቢኖር ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ስለዚህ ይኸው፣ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን በዝርዝር ልጻፍላችሁ። ይህ የሚያገለግለው ከኋላ ሁለት ሾክ ላላቸው ሞተሮች ነው፦ ሲጂና የቻይና ግልባጮቹ፣ ቦክሰር፣ ሌሎች የቆዩ ጃፓኖች። መሃል ላይ አንድ ሾክ ብቻ ያለው ሞተር ሌላ ስሌት አለው። እዚያ ሾኩ ላይ ያለች ትንሽ ስህተት ጎማው ላይ ተባዝታ ነው የምትመጣው፣ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ እሱ ላይ አትሞክሩ።

መጀመሪያ፦ የሞተው እውነት ሾኩ ነው?

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን እዩ። ሞተር ከኋላ ሲዋልል ሁሉም ሰው ሾክ ላይ ነው የሚፈርደው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሌላ ነው።

ሞተሩን በመሃል መቆሚያው አቁሙና የኋላውን ጎማ ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። "ቀጭ ቀጭ" ካለ ወይ የጎማው ኩሽኔታ አልቋል፣ ወይ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ረጅሙ ክንድ ቡሽ (መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ቀለበት) ተበልቷል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት በአንድ እጅ ክንዱን ያዙት። ክንዱ ራሱ ወደ ጎን ከተንቀሳቀሰ ቡሹ ነው። የዓለም ምርጥ ሾክ ብትገጥሙ ይህን አያድንላችሁም። የላላ ራጂ (የጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች)፣ የጎማ ንፋስ ማነስ፣ የተበላ የመሪ ኩሽኔታ፣ ሁሉም "ሾኩ ነው" ያስብላሉ።

ሾኩ ራሱን የሚያጋልጥበት መንገድ ደግሞ ይኸው። ሴላውን (መቀመጫውን) በሁለት እጅ ወደ ታች ተጭናችሁ ድንገት ልቀቁት። ጤነኛ ሾክ አንዴ ይነሳና ይቆማል። ሁለት ሦስት ጊዜ ካረገደ፣ ውስጥ ያለው ዘይት ሥራውን ትቷል፣ የቀረው ሞላው ብቻ ነው። ከዚያ ዘንጉን እዩት። ዘይት ለብሶ አቧራ የተጋገረበት ከሆነ ጎሚኒው (ዘይቱ እንዳይፈስ የሚያግደው ጎማ) አልቋል። ዘንጉ ላይ ዝገት ወይም ጭረት ካለ ጎሚኒ ብትቀይሩለትም በአጭር ጊዜ ይበላዋል።

ርዝመት፦ ሁሉም ነገር ከዚህ ይጀምራል

የሾክ ርዝመት ማለት ከላይኛው ብሎን መሃል እስከ ታችኛው ብሎን መሃል ያለው ርቀት ነው። ሾኩ ምንም ሳይጫንበት፣ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አይደለም። ሻጮች አንዳንዴ ጫፍ ከጫፍ ለክተው ይነግሯችኋል፣ እሱን አትቀበሉ።

መሃሉን በዓይን መገመት ስለሚያስቸግር አንድ ዘዴ አለ። ከላይኛው ቀዳዳ የላይኛው ጠርዝ ተነስታችሁ እስከ ታችኛው ቀዳዳ የላይኛው ጠርዝ ለኩ። ሁለቱ ቀዳዳዎች እኩል ስፋት ካላቸው ይህ ልኬት ከመሃል እስከ መሃል ካለው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። የኔዋ በዚህ መንገድ 33 ሴንቲ መጣ። የተሸጠልኝ 35 ተኩል ነበር።

2 ሴንቲ ተኩል ትንሽ ትመስላለች። እንቁጠራት እስቲ። በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ ሞተሮች ሾኩ የሚያርፈው ከጎማው አክሰል ትንሽ ፊት ለፊት ነው፣ ያውም ዘመም ብሎ። ስለዚህ ሾኩ በ25 ሚሊ ሲረዝም ከኋላ ያለው ከፍታ ከዚያ በለጥ ብሎ ነው የሚጨምረው፣ 28 ሚሊ እንበል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ከ25 ገደማ ነው። ያ ማለት ሞተሩ በሙሉ ከ1 ዲግሪ በላይ ወደ ፊት አጎነበሰ ማለት ነው። የፊተኛው ሹካ (የፊት ጎማውን የያዘው) በዚያው ልክ ቀጥ ይላል፣ መሪው ቶሎ ይዞራል፣ ቀጥታ መንገድ ላይ ደግሞ እረፍት ያጣል። ያ መቅበዝበዝ ከዚህ ነው የመጣው። ካቴናውም (ሰንሰለቱም) ከክንዱ ጋር ያለው ማዕዘን ስለሚቀየር የክንዱን ፊት መፋቅ ሊጀምር ይችላል። የኔዋ ላይ የፕላስቲኩ መከላከያ ላይ አዲስ ጭረት አይቻለሁ።

ማጠሩስ? ያጠረ ሾክ የተገላቢጦሹን ያመጣል። መሪው ይከብዳል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ወደ መሬት ይቀርባል፣ የጎን መቆሚያው ደግሞ ለሞተሩ ስለሚረዝም ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ትንሽ ነፋስ ወይም የልጅ እጅ በሌላኛው ጎን ይጥለዋል።

የኔ ልክ እንዲህ ነው፦ እስከ 5 ሚሊ ልዩነት ምንም አይደል። እስከ 10 ሚሊ፣ አውቃችሁ የምታደርጉት ከሆነ፣ ይቻላል። ረጅም ሰው የሆነና ትንሽ ከፍታ የሚፈልግ ብዙ ጊዜ ያደርገዋል። ከዚያ በላይ አትግቡበት።

አንድ ወጥመድ አለ። አሁን ሞተራችሁ ላይ ያለው ሾክ ራሱ ትክክለኛው ላይሆን ይችላል! አሮጌ ሞተር ነው፣ ከናንተ በፊት የነበረው ሰውዬ ሱቅ ገብቶ "የሲጂ ሁሉም አንድ ነው" የተባለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማኑዋሉን ፈልጉ። ካልሆነ ያው ሞዴል፣ ያው ዓመት ያለው፣ ያልተነካካ ሞተር ፈልጋችሁ ለኩ። በመሃል መቆሚያ ሲቆም የኋላው ጎማ ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ከፍ የሚል ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው።

ተጨምቆስ የት ይደርሳል?

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሁለት ሾኮች ተዘርግተው እኩል ሆነው፣ ሲጨመቁ ግን አንዱ 7 ሴንቲ፣ ሌላው 10 ሴንቲ ሊገባ ይችላል። የበለጠ የሚገባው ሾክ የተሻለ ይመስላል። ጎማው ፓራፋንጎውን ወይም የሴላውን ሥር እስኪመታ ድረስ።

ማረጋገጫው ትንሽ ሥራ አለው፣ ግን ያዋጣል። የአንዱን ሾክ ሞላ ታወጡና ባዶውን ሾክ ሞተሩ ላይ መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ። ሌላኛውን ጎን ትፈቱታላችሁ። ከዚያ አንድ ሰው ሞተሩን ሲይዝ ሌላው ጎማውን ወደ ላይ ያነሳል፣ ሾኩ ውስጥ ያለችው የጎማ መቋጫ እስክትነካ። አሁን እዩ፦ ጎማው ከፓራፋንጎው ስንት ጣት ቀረው? የፓራፋንጎው ብሎን ጫፍ ወደ ውስጥ ወጥቶ ጎማውን አይነካም? የካቴናው ሽፋንስ?

ማስጠንቀቂያ። ሞላ ያለ መጭመቂያ አይወጣም። በፒንሳና በካቻቢቴ ፈልቅቆ ለማውጣት የሚሞክር ሰው አይቻለሁ። ታፍኖ የተቀመጠ ሞላ ሲፈናጠር ጣት አይምርም። መጭመቂያ ያለው ጋራዥ ወስዳችሁ አስወጡት።

ቀዳዳና ስፋት

ይህ አጭር ነው። የላይና የታች ብሎኖችን ውፍረት ለኩ። 10፣ 12 እና 14 ሚሊ የተለመዱ ናቸው። የላይኛውና የታችኛው ግን ሊለያዩ ይችላሉ፣ ሁለቱንም ለኩ። ከዚያ የቡሹን ወርድ። ሰፊ ከሆነ ዳዶው ጥርስ አይደርሰውም። ጠባብ ከሆነ በሮንዴላ ይስተካከላል። የቀዳዳው ውስጥ ቡሽ ከብሎኑ ከሰፋ ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ ቀለበት ማስቆረጥ ይቻላል፣ ያ ጥሩ ሥራ ነው። በቆርቆሮ ጠቅልሎ መሙላት ግን ሥራ አይደለም።

የታችኛው ጫፍ ቀለበት ነው ወይስ እንደ ሹካ የተከፈለ? ይህንንም አረጋግጡ፣ ሁለቱ አይለዋወጡም። ሞላው ወፍራም ከሆነ ደግሞ በአንዱ ጎን ካቴናውን፣ በሌላው ማርሚታውን እንዳይነካ ቢያንስ አንድ ጣት ክፍተት ይኑረው።

ሞላው፦ ሞተሩን ሳይሆን ጭነታችሁን ይጠይቃል

ሰው ሞላ የሚመርጠው በቀለም ነው። ቀይ "ስፖርት" ነው ይባላል። ቀለም ቀለም ነው፣ አንዲት ኪሎ አይሸከምም።

የሞላ ጥንካሬ የሚለካው 1 ሚሊ ለመጭመቅ ስንት ኪሎ ይፈልጋል በሚል ነው። ሦስት ነገር ይወስነዋል፦ የሽቦው ውፍረት፣ የጥምዝምዙ ስፋት፣ የሚሠሩት ዙሮች ብዛት። ከሦስቱ ጉልበተኛው የሽቦው ውፍረት ነው። ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ እየተባዛ ነው ስሌቱ ውስጥ የሚገባው። ምሳሌ እንውሰድ። ሽቦው 7 ሚሊ፣ ከሽቦ መሃል እስከ ሽቦ መሃል ያለው ስፋት 50 ሚሊ፣ ዙሩ 14 የሆነ ሞላ 1 ሚሊ ለመግባት 1.4 ኪሎ ገደማ ይፈልጋል። ሽቦውን 8 ሚሊ አድርጉትና ሌላውን አትንኩ። 2.35 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በአንዲት ሚሊ ልዩነት 70 በመቶ ጨመረ! ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው በዓይን ለመለየት ያስቸግራሉ። ካሊፐር (ውፍረትን በሚሊ ክፍልፋይ የሚለካው መሣሪያ) የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስሌት የማይመቸው ሰው ደግሞ የሰው መመዘኛ ሚዛን ይጠቀም። እኔ እንዲህ አደረግኩ። ሚዛኑን ጋራዥ ውስጥ ካለው የጠረጴዛ መብሻ ማሽን ሥር አስቀመጥኩ፣ ሾኩን በላዩ አቆምኩ፣ በመብሻው እጀታ ቀስ ብዬ ወደ ታች ተጫንኩት። መጀመሪያ ላይ ሾኩ አይንቀሳቀስም፣ ምክንያቱም ሞላው ቀድሞ የተወጠረ ነው። መንቀሳቀስ ሲጀምር የሾኩን ርዝመት ለካሁ፣ ሚዛኑን አነበብኩ፦ 38 ኪሎ። 10 ሚሊ ጨምሬ ስጫን 52 ሆነ። ልዩነቱ 14 ኪሎ በ10 ሚሊ፣ ማለትም 1.4 ኪሎ በሚሊ። ሚዛኑ የባለቤቴ ስለነበር ግራሶ ሳይነካው ጠርጌ መልሻለሁ፣ እስከዛሬም አላወቀችም።

ይህ ቁጥር ምን ያደርግላችኋል? ከኋላ 65 ኪሎ የሆነ ሰው ቢጫን ክብደቱ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚያርፈው የኋላው ጎማ ላይ ነው። 60 ኪሎ እንበል። ለሁለት ሾክ ሲካፈል 30 ኪሎ ለእያንዳንዱ። 30ን ለ1.4 ስታካፍሉት 21 ሚሊ። ሰውዬው ገና ሲቀመጥ ሞተራችሁ 2 ሴንቲ ሰመጠ ማለት ነው። ጠቅላላ 8 ሴንቲ ከሆነ የሚገባው፣ ከናንተ ክብደት ጋር ሲደመር ግማሹ ሊሄድ ምንም አልቀረውም፣ ድንጋይ ሳይመጣ። ስለዚህ ብቻውን የሚነዳና በየቀኑ ሰው ወይም ዱቄት የሚጭን ሰው አንድ ዓይነት ሞላ አይገዙም፣ ሞተራቸው መንታ ቢሆንም። እኔ የምመክረው አብዛኛውን ቀን ለምትጭኑት መምረጥ ነው። በዓመት አንዴ ለሚጫን በግ ብላችሁ ዓመቱን ሙሉ ወገባችሁን አታስቀጥቅጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። ከሾኩ ሥር ያለችው የምትዞር ደረጃ፣ ሦስት ወይም አምስት እርከን ያላት፣ ሞላውን አታጠነክረውም። 1.4 የነበረው 1.4 ነው። የምትሠራው ሴላውን መልሶ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው፣ ጭነት ሲኖር እንዳይሰምጥ። ደካማ ሞላ ገዝታችሁ "አጥብቄ እነዳዋለሁ" ካላችሁ ባዶ ስትነዱ እንደ በሬ ይዘላል፣ ስትጭኑ መልሶ ይመታል።

የቦክሰር ባለቤቶች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የሷ ሾክ ሁለት ሞላ አለው፣ ትንሹ በትልቁ ውስጥ። ተመሳስሎ የተሠራ ስትገዙ በትልቁ ሞላ ዙሮች መሃል አጮልቃችሁ ትንሹ መኖሩን እዩ።

ዘይትና ጋዝ

ሞላ ብቻውን ቢሆን ሞተሩ እንደ አልጋ ሲያረግድ ይውላል። የሚያረጋጋው ውስጥ ያለው ዘይት ነው፣ በጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ የሚያልፈው። ጥሩ ሾክ ሲጨመቅ ትንሽ ይከላከላል፣ ሲመለስ ግን በደንብ ይከላከላል።

"እናስሞላው" የሚባል ነገር አለ። አንዳንድ አሮጌ ሾኮች ተፈትተው ጎሚኒና ዘይት ይቀየርላቸዋል፣ ዘንጉ ንጹህ ከሆነ ይህ የሚደነቅ ሥራ ነው። ችግሩ ሠራተኛው በጁ ያለውን የሞተር ዘይት ሲሞላው ነው። የሞተር ዘይት ወፍራም ነው። ሴላውን ስትጫኑት "ጠንካራ ሆነ!" ትላላችሁ። ኮረኮንች ላይ ስትወጡ ግን ሾኩ አንድ ድንጋይ መትቶ ሳይመለስ ሁለተኛው ይመጣል፣ ሁለተኛውን ሳይጨርስ ሦስተኛው። እየሰመጠ እየሰመጠ ሄዶ መጨረሻ ላይ እንደ ብረት ዱላ ደረቅ ይላል። ለሾክ ወይም ለፊት ሹካ ተብሎ የሚሸጥ ቀጭን ዘይት ካልተገኘ ባይሞላ ይሻላል።

ጋዝ ያለው ሾክ ውስጡ በግፊት የታመቀ ናይትሮጅን ነው። አይበሳም፣ አይበየድም፣ እሳት አይጠጋውም። ይህን ሦስቴ ብደግመው ደስ ይለኛል። እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል። ጋዝ ይኑረው አይኑረው ሰውነቱ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፣ ካልተጻፈ እንዳለው ቁጠሩት።

የትኛውን እንግዛ?

ኦሪጅናል አዲስ ከተገኘ አትከራከሩ፣ እሱን ውሰዱ። ለሲጂ አንድ መልካም ነገር፣ ፓኪስታን ውስጥ ሆንዳ 125ቱን ለረጅም ዓመታት ማምረት ስለቀጠለ የዚያ አገር መለዋወጫ በገበያ ይገኛል። የቻይናው ተመሳሳይ ደግሞ ርካሽ ነው። አንዳንዱ ጥሩ፣ አንዳንዱ ለፎቶ ብቻ የተሠራ። ለሱ ነው ከታች የምነግራችሁ የሱቅ ፈተና።

ያገለገለ? ሶማሌ ተራም ይሁን በየከተማው ያለ የተፈታ ዕቃ መሸጫ፣ ጥሩ ኦሪጅናል ሊገኝ ይችላል። ግን ጥንዱ ካንድ ሞተር የወጣ መሆኑን አረጋግጡ። አንዱ ከዚህ፣ ሌላው ከዚያ የተሰበሰበ "ጥንድ" ክንዱን ወደ አንድ ጎን እየጠመዘዘ ነው የሚኖረው። በዚያው ምክንያት አንዱን ብቻ መቀየር የለም። የፈሰሰው አንዱ ቢሆንም ሁለቱም ይቀየራሉ።

ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ሌላ ምርጫ አለው። ለአሮጌ ሞተሮች ሁለት ሾክ እየሠሩ የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ፦ የእንግሊዙ ሀጎን፣ የታይላንዱ ዋይኤስኤስ፣ የድሮውን የኮኒ ሾክ አሠራር ይዞ የቀጠለው የአውስትራሊያው ኢኮን። ኦህሊንስም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የስዊድኑ፣ እሱ ግን ዋጋው ከአሮጌ ሞተር ጋር አይመጣጠንም። ከነዚህ ስታዙ የነጂው ክብደትና የሚጫነው ሰው ይጠየቃል። እዚያ ላይ እንዳትዋሹ! "70 ነኝ" ብሎ 88 ኪሎ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ሚዛኑን ሳይሆን ራሱን ነው የሚያታልለው። ጋዝ ያለውን በሻንጣ ይዞ የሚመጣ ዘመድ ካለ አስቀድሞ አየር መንገዱን ይጠይቅ፣ በግፊት የታመቀ ነገር ስለሆነ ሊያስቆሙት ይችላሉ።

ሱቅ ውስጥ፣ ባንኮኒው ላይ

ሜትር፣ ካሊፐርና አሮጌውን ሾክ ይዛችሁ ሂዱ። አሮጌው ከሁሉም በላይ ይናገራል።

ሁለቱን አዲሶች ጎን ለጎን አስተኟቸው። ርዝመታቸው እኩል ነው? አንዱን ወለል ላይ አቁማችሁ በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑትና ልቀቁት። "ቧ" ብሎ እንደ ላስቲክ ከተወረወረ ውስጡ ዘይት የለውም ወይም አየር ነው። መደርደሪያ ላይ ተኝቶ የከረመ ሾክ አየርና ዘይቱ ስለሚቀላቀል መጀመሪያ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ቀጥ አድርጋችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ተጫኑት። ከተስተካከለ ደህና ነው። ካልተስተካከለ መልሱለት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ዘንጉን በጥፍራችሁ ዳሱት፣ ብየዳውን ዙሪያውን እዩት።

ሻጩ ይናደዳል። ይናደድ። እኔ አሁን ገና ስገባ "ካልሆነ እመልሳለሁ" ብዬ ነው የምጀምረው፣ ከመከፈሉ በፊት።

ገጠማው

ሞተሩ በመሃል መቆሚያ ይቁም። ዋናው ዘዴ ሾኮቹን አንድ በአንድ መቀየር ነው። ሁለቱንም አንዴ ከፈታችሁ ክንዱና ጎማው ወደ ታች ይወርዱና ቀዳዳ ለማገናኘት ክሪክና ሦስተኛ እጅ ትፈልጋላችሁ። አንዱን ፈትታችሁ አዲሱን ስትገጥሙ ሌላኛው ክንዱን ይዞላችሁ ይቆያል።

አዲሱን ሾክ ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ ከተጫናችሁት በኋላ ግጠሙት፣ የትኛው ጫፍ ከላይ እንደሆነ አሮጌውን ተመልክታችሁ። ርካሾቹ ተገልብጠው አይሠሩም። ብሎኑንና ቡሹን ስስ ግራሶ ቀቡት፣ ብረቱን ብቻ፣ የቡሹን ጎማ ግራሶ ያበሰብሰዋል። ዳዶዎቹን መጀመሪያ በልክ ብቻ አጥብቁ። ከዚያ ሞተሩን ከመቆሚያው አውርዱ፣ ሰው ይቀመጥበት፣ የመጨረሻውን ጥብቀት ያኔ ስጡት። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ሙሉ ከጠበቀ የቡሹ ጎማ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

ካቴናውን እንደገና ለኩ። ከፍታ ሲቀየር የካቴና ውጥረትም ይቀየራል። ሰው አስቀምጣችሁ፣ ክንዱ አግድም ሲሆን፣ ካቴናው በጣት ትንሽ መንቀሳቀስ አለበት። ያኔ ጭርሱን ከተወጠረ ጉድጓድ ስትገቡ የሚጎዳው ኩሽኔታው ነው። የፊት መብራቱንም አንዴ ግድግዳ ላይ አብሩት፣ ወደ ታች ሊያይ ይችላል።

ማስተካከል

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ጎማው አየር ላይ ሆኖ ከአክሰሉ እስከ ሴላው ሥር ባደረጋችሁት ምልክት ድረስ ለኩ። የኔ 52 ሴንቲ ነበር። ከዚያ መሬት ላይ፣ ባዶውን፦ 51 ከ2። ከዚያ እኔ ልብሴን ለብሼ እግሬን አንስቼ፣ ጎረቤቴ መሪውን ይዞልኝ፦ 49 ከ7። ባዶውን 8 ሚሊ፣ ከኔ ጋር 23 ሚሊ ሰመጠች። የኋላው ጎማ ጠቅላላ 8 ሴንቲ የሚሄድ ከሆነ ከነጂው ጋር ከ20 እስከ 27 ሚሊ መስመጡ ጥሩ ነው፣ ከሩብ እስከ ሲሶ ማለት ነው።

ከዚያ በላይ ከሰመጠ ደረጃዋን አንድ እርከን ጨምሩ። እስከ መጨረሻው ጨምራችሁም ካልተስተካከለ ሞላው ለናንተ ደካማ ነው። ከነጂው ጋር ልክ መጥቶ ባዶውን ግን ምንም የማይሰምጥ ከሆነም ያው ነው፣ ደካማ ሞላ በማጥበቅ ተደብቋል። ተቃራኒው፣ ባዶውን ብዙ ሰምጦ ሰው ሲቀመጥ ብዙም የማይጨምር ከሆነ፣ ሞላው ከሚገባው በላይ ጠንክሯል።

200 ኪሎሜትር ከሄዳችሁ በኋላ አራቱንም ዳዶዎች መልሳችሁ ሞክሯቸው። የኔ የግራ ታችኛው ሩብ ዙር ላልቶ ነው ያገኘሁት።

ቀዮቹን ሾኮች ለምትጠይቁ፣ አሁንም አልጋ ሥር አሉ። ከመሃል እስከ መሃል 35 ተኩል ሴንቲ፣ ከላይ 12 ሚሊ፣ ከታች 10 ሚሊ፣ ሽቦው 7 ሚሊ። 50 ኪሎሜትር እንኳ አልሄዱም። ሜትሩን ይዞ የሚመጣና የሚሆንለት ካለ በግማሽ ዋጋ እሰጠዋለሁ። ለሲጂ ግን አይሆኑም።